መብራት ጠፍቶበት ቀይ ካርድ ያየው ባህረኛ

ቬንዴ ግሎብ በሸራ ጀልባ፣ ለብቻ፣ ያለማንም እርዳታ ዓለምን መዞር ነው። ጀልባውን የሚገፋው ነፋስ ቢሆንም ኤሌክትሪክ ከሌለ አለቀ! ባህረኛው ሲተኛ መሪውን የሚይዘው አውቶፓይለት የሚሠራው በባትሪ ነዋ።

እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የስዊዘርላንዳዊው በርናር ስታም ባትሪ መሙያ ጄኔሬተሮች ተበላሹ። ከኒውዚላንድ በታች ኦክላንድ ደሴቶች ጋ መልህቅ ጥሎ ጥገና ጀመረ። መልህቁ አልይዝ ሲለው እዚያው ከነበረች የሩሲያ መርከብ ጋር ታሰረ፤ አንድ ሩሲያዊም ጀልባው ላይ ወጥቶ አገዘው። ዳኞቹ ይህን ሲሰሙ ጥር ሳይጋመስ ከውድድር አባረሩት። ለእኔ ቅጣቱ በዝቷል።

ስታም ግን ውሳኔው እንዲታይለት ጠይቆ መቅዘፉን ቀጠለ። ኬፕ ሆርን አካባቢ ጄኔሬተሮቹ ዳግም ጉድ ሠሩት። ይሄኔ ከሌላ ጀልባ ናፍጣ ተቀበለ፤ ውድድሩ አበቃ፤ እሱ ግን ፈረንሳይ ገባ።