ትልቅ የናፍጣ ፒክአፕ ለግል ጥቅም ስለ መምረጥ
በካርቱም ለሚኖሩ ቤተሰቦች የቀረበ ምክር

ለቤተሰብ መኪና መግዛት ቤት ከመሥራት ቀጥሎ ከሚመጡት ከባድ ወጪዎች አንዱ ነው። የማይስማማውን ልብስ የገዛ ሰው ልብሱን ለሌላ ሰጥቶ ይገላገላል፤ የማይስማማውን መኪና የገዛ ግን በየወሩ በነዳጅ፥ በጎማና በመለዋወጫ ዕቃ ሲከፍል ይኖራል። ስለዚህ በዛሬው የቤተሰብ ዐምዳችን በካርቱምና በአካባቢዋ ለሚኖሩ፥ ይልቁንም ጦርነቱ ከበተናቸው በኋላ ወደ ቤታቸው በመመለስ ላይ ላሉ ቤተሰቦች፥ ትልቅ የናፍጣ ፒክአፕ ስለ መምረጥ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አስበናል።

ስለ ስሙ

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን አስቀድመው ጥቂት ቃላት ቢያውቁ ይጠቀማሉ። ከፊት ሾፌሩና ተሳፋሪዎቹ የሚቀመጡበት ክፍል ጋቢና፥ ከኋላ ዕቃ የሚጫንበት ክፍት ሣጥን ካሶኒ ይባላል፤ ሁለቱም ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። አንድ ረድፍ መቀመጫ ያለው ባለ አንድ ጋቢና፥ ሁለት ረድፍ ያለው ባለ ሁለት ጋቢና ይባላል። እኛ ናፍጣ የምንለውን ነዳጅ የካርቱም ሰው ጃዝ ወይም ጃዞሊን ይለዋል፤ ፒክአፑን ደግሞ ቦክሲ ብሎ ይጠራዋል። ያገለገሉ መኪናዎች የሚሸጡበት ገበያ በሱዳን ዐረብኛ ደላላ ይባላል። ይህ ቃል በአማርኛ የገበያውን ሳይሆን ገዢና ሻጭ የሚያገናኘውን ሰው የሚያመለክት ስለ ሆነ፥ ሁለቱን ቋንቋ የሚናገር ሰው እንዳይሳሳት መጠንቀቅ ይገባዋል።

ቦክሲ በሱዳን እንዴት እንደ ነገሠ

ቀድሞ በሱዳን አሸዋማ መንገዶች ላይ ጭነቱንም ሰውንም የሚያመላልሰው ቤድፎርድ የተባለው የእንግሊዝ ሎሪ ነበር። የቶዮታ ኩባንያ ሃይሉክስ የተባለውን ፒክአፕ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. አወጣ። ላንድ ክሩዘር 70 የተባለው ከባድ ዐይነት ደግሞ በ1984 ዓ.ም. ተከተለ። እነዚህ ሁለት መኪናዎች ሎሪው ሊገባበት በማይመቸው መንገድ ሁሉ እየገቡ፥ ከብት ነጋዴውን፥ ገበሬውንና ሐኪሙን አገለገሉ። በዚህም ምክንያት በሱዳን ቦክሲ የሀብታም ጌጥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ሆኖ ኖረ።

የናፍጣ ሞተር ጠባይ

የናፍጣን ሞተር የፈለሰፈው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ነው፤ በመልካም ሁኔታ የሠራው ሞተሩ የተፈተነው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ከተማ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በካንዴላ የእሳት ብልጭታ ያቃጥላል። የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አጥብቆ ጨምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው ወደ ጋለው አየር ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከመቶ አሥር እጅ በላይ የበለጠ ኀይል አለው፤ ሞተሩም በዝግታ እየዞረ ብዙ ይጐትታል። በአንጻሩ ሞተሩና ነዳጅ የሚረጨው ፖምፓ ውድ ናቸው፤ ውሃና ቈሻሻ የገባበት ናፍጣም ፈጽሞ አይስማማቸውም። እንግዲህ ናፍጣ የሚበጀው ብዙ ለሚጓዝና ብዙ ለሚጭን ነው። በከተማ ውስጥ ልጆችን ትምህርት ቤት ብቻ ለሚያመላልስ ሰው ግን ትልቁ ፒክአፕ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ይሆንበታል።

ከመግዛት በፊት አራት ጥያቄዎች

አንደኛ፤ ምን ይጭናል? ሃይሉክስም ሆነ ላንድ ክሩዘር 79 በግምት አሥር ኩንታል ያህል ይሸከማሉ። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ የተሳፋሪዎቹም ክብደት ይቈጠራል። በባለ ሁለት ጋቢና አምስት አዋቂዎች ከተቀመጡ ሦስት ኩንታል ተኩል ያህል ስለሚይዙ ለካሶኒው የሚቀረው ስድስት ኩንታል ተኩል ነው። ባሌስትራውን አጠንክረው ከዚህ በላይ የሚጭኑ ብዙዎች ናቸው፤ ባሌስትራው ቢችልም ፍሬኑና ጎማው ግን አብረው አልጠነከሩም። አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚጭን ቤተሰብ ባለ ሁለት ጋቢናውን፥ ከእርሻ ወደ ገበያ የሚመላለስ ነጋዴ ባለ አንድ ጋቢናውን ይምረጥ።

ሁለተኛ፤ ምን ያህል ይጠጣል? በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው እናስብ። ሃይሉክስ በመቶ ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ያህል ቢጠጣ የዓመቱ 1,350 ሊትር ይሆናል። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ላንድ ክሩዘር በ13 ሊትር ሒሳብ 1,950 ሊትር ይጠጣል። እንደ ፎርድ ኤፍ 250 ያለው ትልቁ የአሜሪካ ፒክአፕ በ17 ሊትር ሒሳብ 2,550 ሊትር ይፈልጋል። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት 1,200 ሊትር፥ ማለት ባለ 200 ሊትር ስድስት በርሜል ነው። ይህን ስድስት በርሜል በየዓመቱ የሚከፍለው የቤቱ ገንዘብ ያዥ መሆኑ አይዘንጋ።

በሱዳን ነዳጅ እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ ወር 2003 ዓ.ም. ስትለይ ከነዳጁ ጉድጓድ ከአራት ሦስቱ እጅ ከእርስዋ ጋር ሄደ። ከካርቱም በስተ ሰሜን በአል ጀይሊ ያለው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ትልቁ የነዳጅ ማጣሪያ ደግሞ በጦርነቱ በእሳት ተጐዳ። ማደያ ሲዘጋ ነዳጅ በበርሜልና በጀሪካን ይሸጣል፤ በጀሪካን የተሸጠ ናፍጣም ብዙ ጊዜ ውሃና አሸዋ አያጣውም።

ሦስተኛ፤ ማን ይጠግነዋል? ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። የአሜሪካው ፒክአፕ ከ400 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው፥ ሲነዱትም እጅግ የሚመች መኪና መሆኑን አንክድም። ነገር ግን አዲሱ ሞተሩ ሰልፈሩ በሚሊዮን ከ15 እጅ ያልበለጠ ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ነዳጅ በሱዳን ማደያ ሁሉ ይገኛል ብሎ መተማመን አይቻልም። ሰልፈር የበዛበት ናፍጣ ጭሱን የሚያጣራውን መሣሪያ ይደፍነዋል፤ የተደፈነውን የሚፈታ ባለሙያ በየመንደሩ የለም። ከዚህም በቀር ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ አሜሪካ በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ስለ ነበር፥ የአሜሪካ መኪና መለዋወጫ በገበያው ሥር አልሰደደም። ርዝመቱም ከስድስት ሜትር ስለሚያልፍ በኦምዱርማን ጠባብ መንገዶች ለማዞር ያስቸግራል።

ላንድ ክሩዘሩ በልዩ ልዩ ዐይነት ሞተር ይገኛል። አሮጌው ባለ 4.2 ሊትር ሞተር ጉልበቱ 130 የፈረስ ጉልበት ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ኤሌክትሪካዊ ነገሩ ጥቂት፥ አሠራሩም ግልጽ ስለ ሆነ ማንኛውም የሠለጠነ ሜካኒክ ይፈታዋል። አዳዲሶቹ የሃይሉክስ ሞተሮች ናፍጣውን እጅግ ከፍ ባለ ግፊት የሚረጩ ስለ ሆኑ ነዳጅ ይቈጥባሉ፤ ጥቂት ውሃ ግን ኢንጀክተራቸውን ያበላሸዋል። ስለዚህ አዲሱን የሚገዛ ሰው ውሃ የሚለይ ተጨማሪ ማጣሪያ ያስገጥም፤ በየሳምንቱም ውሃውን ያፍስስ።

የካርቱም አየርም የራሱ ፈተና አለው። በግንቦት ወር ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ስለሚበልጥ ራዲያተሩ ንጹሕ መሆን አለበት። ሀቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል ካለፈ በኋላም የአየር ማጣሪያውን ሳያራግፉ መንዳት ሞተሩን በአሸዋ እንደ መሞረድ ይቈጠራል።

አራተኛ፤ በክፉ ቀን ምን ይሆናል? ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺሕ ቤተሰብ ወደ ፖርት ሱዳን፥ ወደ ዋዲ ሐልፋና በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ተሰደደ። የነዳጅና የመጓጓዣ ዋጋ በጥቂት ቀን ሰማይ ነካ። በዚያን ጊዜ ናፍጣ የሞላ ፒክአፕ ያለው ቤተሰብ ራሱንም ጎረቤቱንም አወጣ።

ሆኖም ነገሩ ሌላ ወገን አለው። ቤተሰብ የሚመርጠውን ጠንካራ መኪና ተዋጊም ይመርጠዋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. የቻድ ወታደሮች መድፍና መትረየስ በጫኑ ቶዮታዎች የሊቢያን ጦር ስላሸነፉ ጦርነቱ የቶዮታ ጦርነት ተብሎ ተጠርቷል። በሱዳንም መሣሪያ የተጫነበት ላንድ ክሩዘር ታትሸር ይባላል። በካርቱም ጦርነት ከየግቢው እጅግ ብዙ መኪና ተዘርፏል፤ ከተዘረፈውም በመጀመሪያ የሚፈለገው ባለ አራት ጎማ ጐታቹ ፒክአፕ ነበር። ስለዚህ ሀብቱን ሁሉ በአንድ መኪና ላይ የሚያውል አባወራ ጠንካራውን መኪና ሲገዛ ተፈላጊውንም መግዛቱን ይወቅ። በመካከለኛ ዋጋ ያገለገለ ሃይሉክስ ገዝቶ የቀረውን ገንዘብ በልዩ ልዩ ስፍራ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ የተሻለ ጥበብ ነው።

ያገለገለ መኪና ሲመረመር

ሻጩ መኪናውን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይነገረው፤ የናፍጣ ሞተር በሽታው የሚገለጠው በቀዝቃዛ አነሣሡ ነውና። ሲነሣ ጥቂት ጭስ ቢታይ አያስደነግጥም። ሰማያዊ ጭስ የማያቋርጥ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል ወይም ነዳጅ በዝቶበታል። ነጭ ሆኖ ከዘለቀ ነዳጁ በደንብ አልነደደም፥ አለዚያም በቴስታታው በኩል ውሃ እየገባ ይሆናል። በራዲያተሩ ውሃ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ዋጋው ቢረክስም ይቅር። ከሥር ገብቶ ሻንሲው አለመሰንጠቁን፥ ባሌስትራውም አለመሰበሩን ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቍጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጥ። ዛሬ በገበያው ከጦርነቱ ዘመን የተዘረፉ መኪናዎች አሉ። የሌላውን ሰው እንባ በርካሽ የገዛ ሰው፥ ባለቤቱ መጥቶ ባወቀው ቀን መኪናውንም ገንዘቡንም ያጣል። ጥርጥር ያለበትን ቍጥር ፖሊስ ሳይመረምረው አንድ ጊኒ እንኳ ቀብድ አይከፈል።

ወደ ሀገር ቤት ለሚያስቡ

መኪናውን ወደ ኢትዮጵያ ለመውሰድ የሚያስቡ ወገኖቻችን ደግሞ ሦስት ነገር ያስታውሱ። ኢትዮጵያ ከሰኔ ወር 1956 ዓ.ም.፥ ሱዳንም ከሐምሌ ወር 1965 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የሚነዳባቸው አገሮች ስለ ሆኑ መሪው በግራ ያለው መኪና ለሁለቱም ይስማማል። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 380 ሜትር፥ ጐንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ሲሳሳ ከጉልበቱ ከመቶ አሥራ አምስት እስከ ሃያ እጅ ያህል ያጣል። በመጨረሻም ሕጉ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ ከጉምሩክ በጽሑፍ መልስ ሳያገኙ «ኋላ ወደ ሀገሬ አስገባዋለሁ» ብሎ መግዛት ታላቅ ኪሳራ ሊያመጣ ይችላል።

ምርጫው የቤተሰብ ነው

በብዙ ቤት መኪና የባል ጉዳይ ተደርጎ ይቈጠራል። ነገር ግን የልጆቹን የትምህርት ክፍያ፥ የቤቱን ኪራይና የወሩን ቀለብ የምታውቀው እመቤት፥ ስለ ነዳጁ ስድስት በርሜል የምትለውን ሳይሰሙ ውል መፈረም አይገባም። ባልና ሚስት ከአንድ ታማኝ ሜካኒክ ጋር ሆነው አራቱን ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ጽፈው ይመልሱ። ለእያንዳንዱ መልስ ካገኙ ይግዙ፤ ለአንዱ እንኳ መልስ ከታጣ አንድ ወር ይታገሡ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፥ በመኪና ገበያ ውስጥ ትዕግሥት ገንዘብ ያተርፋል።

በእኛ አስተያየት፥ በካርቱም ለሚኖርና በገጠርም ጥቂት ሥራ ላለው ቤተሰብ የሚበጀው ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ነው፤ ከባድ ጭነት በአሸዋ ላይ ለሚጐትት ነጋዴ አሮጌው ሞተር ያለው ላንድ ክሩዘር፤ የአሜሪካው ትልቅ ፒክአፕ ደግሞ የራሱ ሜካኒክና የራሱ ንጹሕ ነዳጅ ላለው ሰው ብቻ። መልካም መኪና ማለት ጎረቤት የሚያደንቀው ሳይሆን፥ ሌሊት ልጅ ታሞ ሐኪም ቤት መሄድ ሲያስፈልግ በመጀመሪያው ቁልፍ የሚነሣው ነው።