ስልክ ቁጥራችሁን ለዋይፋይ አትስጡት

የቤት ዋይፋይ የምንገጥም ሰዎች እርስ በርስ የምናወራውን ዛሬ ለእናንተም ሹክ ልበላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንዱ ግቢ ገብተን ራውተሩን ከሰካን በኋላ «ፓስወርዱ ምን ይሁን?» ስንል፣ ብዙው ሰው ስልክ ቁጥሩን ይነግረናል። እኛም ደስ ይለናል። ደንበኛው አይረሳውም፣ ነገ «ጠፋብኝ» ብሎ አይደውልም፤ ቶሎ ጨርሰን ወደሚቀጥለው ቤት እንሄዳለን።

የማንነግራችሁ እዚህ ላይ ነው። የሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07 እንደሚጀምር የማያውቅ የለም። የሚቀረው ስምንት አኃዝ ነው፤ በእያንዳንዱ መነሻ መቶ ሚሊዮን አማራጭ። ለሰው የማይሞከር ቢመስልም ጥሩ የጌም ካርድ ላለው ኮምፒውተር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሰብሮ ሊገባ የፈለገ ሰው በራችሁ ላይ ቆሞ መገመት እንኳ አያስፈልገውም። ስልካችሁ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን መልእክት ከአጥር ውጭ ሆኖ ይቀዳል፤ ግምቱን ወደ ራሱ ቤት ሄዶ ይሠራል። ራውተሩ ምንም አያውቅም።

ያለ ፓስወርድ፣ በአዝራር ወይም በፒን የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስ የሚባለውንም አስዘጉ። ስምንት አኃዝ ያለው ፒኑ ለሁለት ተከፍሎ ስለሚረጋገጥ ከ11,000 ያልበለጠ ሙከራ እንደሚበቃው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው።

«ጎረቤት ቢጠቀም ምን ይጎዳኛል?» የሚሉኝ እናቶች አሉ። ለተከራይና ለጎረቤት ማካፈል ደግ ነገር ነው፣ አልቃወምም። እኔን የሚያሳስበኝ ያልጋበዛችሁት ሰው ነው። አንዴ ከገባ የራውተሩን መቆጣጠሪያ ገጽ መክፈት ይችላል፤ እዚያ ያለው የይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንደመጣ «አድሚን» ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ ወደ ሐሰተኛ ድረ ገጽ ሊመራ ይችላል። በእናንተ መስመር ጥፋት ቢሠራበትም፣ ዱካው መጀመሪያ የሚያደርሰው መስመሩ ወደተመዘገበበት ሰው ነው። ለእንግዳና ለተከራይ የእንግዳ ዋይፋይ የሚባለውን ለብቻው አስከፍቶ መስጠት ይቻላል፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ራውተሮች አላቸው፣ ካልተጠየቅን ግን አንነካውም።

እንግዲህ ገጣሚው ሲመጣ ቸኩሎ ቢሆንም አስቁሙት። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል አስጽፉና ፓስወርድ አድርጉት። ከዋይፋዩ የምስጠራ አማራጮች ደብሊውፒኤ 3 ካለ እሱን፣ ከሌለ ደብሊውፒኤ 2ን ምረጡ። የመቆጣጠሪያ ገጹን የይለፍ ቃል ደግሞ እሱ ከግቢ ሳይወጣ ራሳችሁ ቀይሩት።