ቀሸራ፦ ከአዳራሹ በፊት ያለው ሰርግ

በእስራኤል፣ ሐዴራ ከተማ፣ ክፋር ብራንዳይስ ሰፈር ውስጥ ለቤተ እስራኤል ሰርግ የተጠራ እንግዳ ተራውን ነገር አያጣውም፤ ስጦታው በፖስታ የሚሰጥ ገንዘብ ነው፣ በሰንበት ሰርግ የለም። ጥሪ ወረቀቱም የአዳራሹን አድራሻና የሁፓውን (ሙሽሮቹ ከሥሩ ቆመው የሚጋቡበትን ዳስ) ሰዓት ይነግረዋል። ታዲያ ሰርጉ ከዚያ የሚጀምር ይመስለዋል፤ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በአባቶች ሥርዓት ሰርግ ከሙሽራው ቤት ተነሥቶ በመንገድ የሚጓዝ ነገር ነበር። ታዳሚውም በልቶና ጠጥቶ የሚሄድ ብቻ ሳይሆን አብሮ የሚጓዝ ምስክር ነበር።

መነሻው ቀሸራ ነው። በጎንደር መንደሮች ሽማግሌ ተልኮ፣ እስከ ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩ ከተረጋገጠና ቀን ከተቆረጠ በኋላ፣ ሙሽራው በወላጆቹ ደጅ ሕዝብ ፊት ይቆማል። ቄሱ ነጭና ቀይ ፈትል ይይዙና ከእግሩ ጀምረው በሰውነቱ ላይ ወደ ላይ እየሳቡ አምጥተው ግንባሩ ላይ ያስሩለታል፤ ቀሸራ ማለት ይህ ነው። ነጩ የእሱን ንጽሕና፣ ቀዩ የሙሽራዪቱን ድንግልና ያመለክታል። ይህን እንደ ጌጥ ቆጥረው የሚያልፉት ብዙ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ጌጥ አለመሆኑን ይመሰክራል። አጀቡ የሚነሣው ቀሸራው ከታሰረ በኋላ ነው። ያኔ ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ወደ ሙሽራዪቱ መንደር ይሄዳል፤ በወላጆቿ ቤት ውሉ በሽማግሌዎች ፊት ይጸናል፤ ከዚያ ሙሽራዪቱን ይዘው ይመለሳሉ። ቀሸራው ሲታሰር ያየው ሰው ውሉንም ይሰማል፣ ሙሽራዪቱ ከአባቷ ቤት ስትወጣም ይመለከታል። መዝገብ ቤት በሌለበት አገር ያ አጀብ ራሱ መዝገብ ነበር።

«እዚህ አገር ጋብቻን የሚያጸናው ረባኑት ነው፤ ቀሸራ ለታይታ ካልሆነ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። ረባኑት፣ ማለትም የእስራኤል የረቢዎች ባለሥልጣን፣ ማጽናቱ እውነት ነው፤ የማኅበረሰቡ ቄሶች በራሳቸው ሥልጣን ጋብቻ አያስመዘግቡም። በ1985 እ.ኤ.አ. ማኅበረሰቡ ኢየሩሳሌም ላይ በረባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ገደማ ተሰልፎ የከረመው፣ ረባኑት ከማኅበረሰቡ ለመጋባት የሚመጣ ሰው በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽም በመጠየቁ ነበር። ስለዚህ የሁፓውን ክብደት ማንም ለዚህ ሕዝብ አያስተምረውም። ሁፓው ግን የሚያስተሳስረው ሙሽሮቹን ነው። ወላጅ ልጁን መርቆ መስደዱ፣ አንዱ ዘመድ በሌላው ደጅ ቆሞ ተቀባይ ማግኘቱ የሚፈጸመው በአጀቡ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ሌሎች ደግሞ «በፎቅ ቤት ምን ዓይነት አጀብ ይኖራል?» ይላሉ። ጎንደርም ቢሆን ርቀቱ የተወሰነ አልነበረም፤ ሙሽራዪቱ ከጎረቤት መንደርም ከሩቅም ትመጣለች። ሥርዓቱ የሚፈልገው መነሻ ደጅና መድረሻ ደጅ ነው። ከደረጃ ወርዶ በመኪና ሄዶ፣ የሙሽራዪቱ ወገኖች በዘፈን የሚጠብቁት በር ላይ መድረስ በቂ ነው።

ስለዚህ የተጠራ ሰው የአዳራሹን ሰዓት ብቻ አይያዝ፤ ቀሸራ የሚያስር ቤተሰብ ከሆነ ስንት ሰዓት እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሲደርስም ስልኩን ዘርግቶ በቄሱና በሙሽራው መካከል አይግባ፤ ነውር ነው። ፊት ለፊት ያለው ቦታ የእናትና የአባት ነው፤ ፈትሉ ግንባሩ ላይ ሲቋጠር ማየት ያለባቸው እነሱ ናቸው።