ሕንድን በአንድ ፈቃድ ለመዞር ላሰቡ

አንባቢ ሆይ! ከደመወዝዎ ጥቂት በጥቂት ቆጥበው ሰፊ አገር ለማየት አስበው እንደ ሆነ፣ ገንዘብዎን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያባክንብዎ ሌባ ወይም ደላላ አይደለም፤ በገዛ እጅዎ የጻፉት የከተሞች ዝርዝር ነው። ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው።

ሕንድ አገርን ለማየት ስነሣ ካርታ ዘርግቼ በአራቱም ማዕዘን ምልክት አደረግሁ፤ ዴልሂ፣ ካልካታ፣ ቼናይ፣ ሙምባይ፣ ተመልሶም ዴልሂ። በወረቀት ላይ እንዴት ያለ ውብ ክብ ነበረ! ቀኖቼ ግን ዐሥራ አራት ብቻ ነበሩ። ርቀቱን ብደምረው ከ5,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነብኝ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለውን ሐዲድ ሰባት ጊዜ እንደ መሄድ ማለት ነው። ከሦስት ቀንና ከሦስት ሌሊት የሚበልጠው ጊዜ በባቡር መስኮት ሥር ሊያልቅ ነበር። የሕንድ ስፋት የአገራችን ሦስት እጅ ያህል መሆኑን ለተማሪዎቼ እነግራቸው ነበር፤ ለራሴ ግን አልነገርሁትም።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣምና፣ ምሥራቁንና ደቡቡን ሠርዤ አንድ መስመር ብቻ አስቀረሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ዴልሂም ወደ ሙምባይም አውሮፕላን ስላለ፣ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ይቻላል። በመካከሉ አግራ፣ ጃይፑርና አሕመዳባድ አሉ። አግራ ከዴልሂ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ታጅ ማሃል ዓርብ ዓርብ እንደሚዘጋ ግን አይርሱ። ከጃይፑር አሕመዳባድ ያለውን መንገድ በሌሊት ባቡር ቢሄዱ የአንድ ሌሊት የሆቴል ኪራይ ይተርፍዎታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ወሩ ነው። የእኛ የክረምት ዕረፍት የእነርሱም ዝናብ ነው፤ በሐምሌ ሙምባይን ጐርፍ ያስቸግራታል። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ በሰሜን በኩል ጉም ባቡሩን ያዘገያል። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ ፈቃዱን በየካቲት ቢጠይቅ ይሻለዋል። ከክረምት በቀር ጊዜ የሌለው ተማሪ ግን ዝናቡ አነስ በሚልበት በራጃስታን ቢወሰን መልካም ነው፤ ጃይፑር ያለችውም በዚያ ነው።

ሦስተኛው ቲኬት ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ጀምሮ የአብዛኛው ባቡር ቦታ የሚያዘው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው። ‹‹ተጠባባቂ›› የሚል ቲኬት መኝታ አገኙ ማለት አይደለም። ዲዋሊ የሚባለው በዓል በሚውልበት ሰሞን ባቡሩ ሁሉ ይሞላል። በየሁለት ከተማው አንድ ባዶ ቀን ያስቀሩ፤ ባቡር ቢዘገይ ዕቅድዎ አይፈርስም።

እኔ ያን ባዶ ቀን ያገኘሁት በአሕመዳባድ ነበር። በመጀመሪያው ክብ ውስጥ ስሟ እንኳ አልነበረም። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1573 ገደማ የተሠራ የሲዲ ሰይድ መስጊድ አለ። ያሠራው ሰው ከሐበሾች ወገን ነበረ። በመስኮቱ ላይ ዛፍ ከነቅርንጫፉ ከድንጋይ ተፈልፍሏል፤ ከሩቅ ሲያዩት ዳንቴል ይመስላል። ከፊቱ ተቀምጬ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አሳለፍሁ፤ የሚያስቸኩለኝ ባቡር አልነበረምና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ማታ ዝርዝርዎን ያውጡና ግማሹን ይሠርዙ። የተሠረዘው አይጠፋም፤ ለሚመጣው ፈቃድ ይቆያል።