የክረምት ሁለት ቀን ሥራ ለዓመቱ ጤና



ክረምት ሲገባ አባወራው ስለ እርሻው ያስባል። እናት ደግሞ ስለ ማገዶው፣ ስለሚያፈሰው ጣራ፣ ስለ ልጆቿ ልብስ ታስባለች። የግቢው ጽዳት ግን «በጋ ሲመጣ ይደርሳል» እየተባለ ይታለፋል። ነገሩ እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ዝናብ በየሜዳው የተጣለውን ዐይነ ምድርና ጉድፍ አጥቦ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ የሚያወርደው በዚሁ ወራት ነው። ብዙ ሕፃናትም በተቅማጥ የሚታመሙት በዚሁ ወራት ነው። ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ፣ ቤተሰቡ ተባብሮ በሁለት ቀን ብቻ ሊሠራው የሚችለውን የቤትና የጓሮ ሥራ እናስረዳችኋለን። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር እምብዛም የለበትም። የሚጠይቀው ዶማ፣ አካፋ፣ አመድ፣ ሳሙናና የሁላችሁን ጉልበት ነው።

በሥላሴ ሰፈር ያየነው

አዲስ አበባ፣ አራዳ ውስጥ፣ ከመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ስድስት አባወራዎች በጭቃ ቤት ይኖሩ ነበር። መጸዳጃ ቤታቸው አንድ፣ ቧንቧቸውም አንድ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የሥላሴን በዓል ለማክበር አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ ከገጠር ወደ እኅቷ ቤት መጣች። በበዓሉ ዋዜማ ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ። ጎርፉ ከላይ በኩል ወደ መጸዳጃው ጉድጓድ ገባና ሞልቶ ፈሰሰ፤ ፍሳሹም ጀሪካኖቹ ከሚቀመጡበት ከቧንቧው ሥር አለፈ። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑን ተቅማጥ ያዘው። ዐይኑ ጎደጎደ፣ ሲያለቅስም እንባ አጣ።

ደግነቱ እናቲቱ አልዘገየችም። ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በብዛት ተሰጠውና ዳነ። እኛም ግቢውን ለማየት ሄድን። በቡና ላይ ተመካክረን በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንዱም ሴቱም ወጥቶ ሠራ። ከመጸዳጃው በላይ ቦይ ተቆፈረ፣ ለጉድጓዱ ክዳን ተበጀ፣ በሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ተሰቀለ፣ ጀሪካኖቹም ከመሬት ከፍ አሉ። ያች እናት ስትመለከት ቆየችና እንዲህ አለችን፦ «እናንተስ ቧንቧ አላችሁ። እኛ አገር የምንቀዳው ከምንጭ ነው፤ ሲሚንቶም የለን። ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?»

ከዚያ ወዲህ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ በፒያሳና በአካባቢው የነበሩ ብዙ የቆዩ የጭቃ ቤቶች ፈርሰዋል። የእናቲቱ ጥያቄ ግን ዛሬም የብዙ እናቶች ጥያቄ ነው። ይህች ጽሑፍ መልሳችን ናት።

ጉድፉ በየት በኩል አፍ ይደርሳል?

የተቅማጥ፣ የወስፋት፣ የአንጀት ተስቦም ጀርም ከሰው ዐይነ ምድር ወጥቶ ተመልሶ ወደ ሰው አፍ ይገባል። መንገዱ አራት ነው፦ በእጅ፣ በዝንብ፣ በውኃ፣ በምግብ። ትራኮማ የተባለው ዐይን የሚያሳውረው በሽታም በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ ይተላለፋል። ዐይን ላይ የምታርፈው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዐይነ ምድር ውስጥ ነው።

«የሕፃን ዐይነ ምድር እኮ ምንም የለው» የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። የሕፃን ዐይነ ምድርም እንደ ዐዋቂው ሁሉ በሽታ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ወደ ጉድጓድ ይግባ እንጂ ወደ ደጅ አይወርወር።

ውኃ ደግሞ ሩቅ መንገደኛ ነው። ከሥላሴ በታች የሚወርደው ግንፍሌ ከቀበና ወንዝ ጋር ይገናኛል። ቀበና ወደ አቃቂ፣ አቃቂም በአባ ሳሙኤል በኩል ወደ አዋሽ ይገባል። እንግዲህ አራዳ ላይ የተጣለው ጉድፍ ሩቅ ያለ ገበሬ ከብቱን ከሚያጠጣበት ወንዝ ይደርሳል ማለት ነው። በመንደራችሁም ያው ነው፤ የላይኛው ጎረቤት የጣለውን የታችኛው ጎረቤት ይጠጣዋል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከቤት ውጭ

ሁለቱን ቀኖች ስትመርጡ እንደየሃይማኖታችሁ መሬት መቆፈር የሚፈቀድባቸው ይሁኑ። ከበዓል በፊት ቢሆን ደግሞ መልካም ነው፤ ቤቱ ለእንግዳ ይደርሳል።

1ኛ. ቦይ መቆፈር። ከቤቱና ከመጸዳጃው በላይ፣ ጎርፉ በሚመጣበት በኩል፣ ወርዱም ጥልቀቱም አንድ ስንዝር ከግማሽ የሚሆን ቦይ ቆፍሩ። ውኃው ቤቱን ዞሮ ቁልቁል ይሂድ፤ ወደ ምንጭ ግን አታውርዱት። በግቢው ውስጥ ውኃ የሚያቁሩትን ጉድጓዶች በአፈር ድፈኑ። ዝናብ የሚጠራቀምበት ሰባራ ገንቦ፣ ቆርቆሮና አሮጌ ጎማ ካለ አንሡት፤ በየውኃው ላይ ትንኝ ይፈለፈላልና። በተለይ በቆላና በወይና ደጋ ያላችሁ፣ የወባ ጊዜ ከዝናቡ በኋላ እንደሚበረታ አትርሱ።

2ኛ. መጸዳጃ ቤቱን ማደስ። ጉድጓዱ ካላችሁ በዙሪያው አፈር ከምራችሁ ደልድሉ፤ ጎርፍ አይገባበትም። ለቀዳዳው እጀታ ያለው የእንጨት ክዳን አብጁለት፤ ከተጠቀማችሁ በኋላም አመድ ነስንሳችሁ ክደኑት። አመዱ ሽታውን ይቀንሳል፤ ክዳኑ ዝንብን ይከለክላል።

ጉድጓድ ከሌላችሁ ግን በክረምት ጥልቅ ጉድጓድ አትቆፍሩ። የራሰ አፈር ተደርምሶ ቆፋሪውን ይቀብራል። አሁን ቦታውን ምረጡና ችካል ትከሉ፤ መሬቱ ሲጠነክር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ትቆፍራላችሁ። ቦታው ከምንጭ ወይም ከውኃ ጉድጓድ በታች በኩል፣ ከ30 ሜትር፣ ማለት ከ40 እርምጃ ያህል፣ ያላነሰ ይራቅ። ከቤትም ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይበቃል፤ ነገር ግን ውኃ የሚያመነጭ መሬት አይሁን። እስከዚያው ድረስ የምትጸዳዱት ከውኃና ከቤት ርቃችሁ፣ በዶማ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ይሁን፤ ስትጨርሱም አፈር መልሱበት።

3ኛ. የእጅ መታጠቢያ መስቀል። ከ3 እስከ 5 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ጀሪካን ፈልጉ። ከአፉ ዝቅ ብሎ በምስማር አንድ ቀዳዳ ብሱ። ሁለት ባላ ትከሉና አግዳሚ እንጨት አድርጉበት፤ ጀሪካኑን በእጀታው በኩል አንጠልጥሉት። በአንገቱ ላይ ገመድ እሰሩና የገመዱን ጫፍ መሬት ላይ ካለ ዘንግ ጋር አያይዙት። ዘንጉን በእግር ሲረግጡት ጀሪካኑ ዘንበል ይልና ውኃው በቀጭኑ ይወርዳል። እጅ ምንም አይነካውም፤ ውኃም አይባክንም። ሳሙናውን በገመድ አንጠልጥሉት። ሳሙና ባይኖር ንጹሕ አመድ ይሁን።

እጅ የሚታጠቡት መቼ ነው? ከመጸዳጃ መልስ፣ ሕፃን ካጠቡ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀት በፊት፣ ከመብላት በፊት፣ ልጅ ከማጥባትና ከማብላት በፊት። የጣቶች መካከልና የጥፍር ሥር ሁሉ ይታሽ። በውኃ ብቻ ነካ ነካ ማድረግ መታጠብ አይባልም።

4ኛ. የጥራጊ ጉድጓድ። ከቤት ራቅ አድርጋችሁ አንድ ሜትር ጎን፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አብጁ። የአትክልት ልጣጭ፣ ቅጠል፣ እበትና አመድ በዚህ ይከማች፤ በየጊዜውም ይገለባበጥ። ከሦስት ወር ያህል በኋላ ለጓሮው ጥሩ ፍግ ይሆናል። የሰው ዐይነ ምድር ግን አይግባበት። ፕላስቲክና ስብርባሪ ለብቻው ይሁን።

ሁለተኛው ቀን፦ ከቤት ውስጥና ከጓሮ

ጠዋት፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ ቁርበቱ፣ ጋቢው፣ ብርድ ልብሱ ሁሉ ይውጣና ይሰጣ። በክረምት ሰው ስለሚተፋፈግ ቅማል ይበዛል፤ ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት የሚያስተላልፈውም ቅማል ነው። ልብስን በፈላ ውኃ መቀቀል ቅማሉንም ቅንቡንም ይገድላል።

ቀጥሎ ግድግዳው ይታይ። የተሰነጠቀው በጭቃና በጭድ ይመረግ፤ ትኋንና ቁንጫ መጠጊያ ያጣሉ። በእበት የለቀለቀች እናት ምግብ ከመንካቷ በፊት እጇን በሳሙና ትታጠብ።

ስለ ጢስ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ጢስ የእናትን ዐይንና ሳንባ ይጎዳል፤ የሕፃናትን የሳንባ ምችም ያብሳል። ስለዚህ ከምድጃው በላይ ጢስ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ትይዩም መስኮት ይከፈት። ማድቤቱ ከመኝታው ቢለይ ይበልጣል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ቢገኝ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶን ወደ ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ሲበርዳችሁ የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ! ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ቤተሰቡን በእንቅልፉ ይዞት ይሄዳል። ከብቶችም በተቻለ መጠን ከሰው መኝታ በአጥር ወይም በግድግዳ ይለዩ።

የመጠጥ ውኃው ዕቃ ጠባብ አፍና ክዳን ያለው ይሁን፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በመደብ ላይ ይቀመጥ። እጅ ያለበት ጣሳ አይጥለቅበት፤ ማንቆርቆር ይሻላል። የምንጭ ውኃ ከሆነ ይፍላ፤ በደጋ አገር መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ካጠረ እንደ ውኃ አጋር ያለውን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውኃው ከደፈረሰ አስቀድሞ በንጹሕ ነጠላ ይጠለል።

ከሰዓት በኋላ ጓሮው ይሠራ። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ቦታ ይበቃል። በክረምት ውኃ ሥሩን እንዳያበሰብሰው አፈሩን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ መደብ መደብ አብጁ። ጎመኑንና ቆስጣውን ተክሉ፤ ካሮቱን ግን እዚያው በመስመር ዝሩት እንጂ አታዛውሩት። በአጥሩ ሥር አንድ ሁለት ዱባ ይሁን። ዶሮ እንዳይጭረው በእሾህ እጠሩት። ዝናቡ ሲያቆም የዕቃና የእጅ እጣቢው ወደ ጓሮው ይፍሰስ፤ ግቢውም አይጨቀይም፣ አትክልቱም አይጠማም።

ይህ የጓሮ ሥራ ከጤና ጋር ምን አገናኘው? ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ለዐይን ብርሃንና በሽታን ለመቋቋም የሚረዳውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው ከእናት ጡት በተጨማሪ ጎመኑ ወይም ዱባው በደንብ በስሎ፣ ተፈጭቶ፣ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ገብቶበት ከገንፎው ጋር ይሰጠው። ጥሬ የሚበላውን ሁሉ በንጹሕ ውኃ እጠቡት።

ማን ምን ይሥራ?

ይህን ሁሉ ያነበበች እናት «ደግሞ ሌላ ሸክም አመጣችሁብኝ» ትል ይሆናል። እውነቷን ነው፤ ውኃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም፣ የምትጋግር፣ የምታስታምምም እርሷ ናት። ስለዚህ አባቶች ሆይ፣ ቦዩን፣ ጉድጓዱንና አጥሩን እናንተ ያዙ። ወጣቶቹ ጭቃውን ያቡኩ፣ ባላውን ይትከሉ። ትንንሾቹ ልጆች ጥራጊውን ይልቀሙ፣ የእጅ መታጠቢያውን ጀሪካን በየጠዋቱ መሙላትም የእነርሱ ሥራ ይሁን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በሥላሴው ግቢም ሥራው በአንድ ቅዳሜ ያለቀው ስድስቱም ቤት ስለ ወጣ ነው።

ልጅ ቢታመምስ?

ከጥንቃቄው ሁሉ ጋር ልጅ ተቅማጥ ቢይዘው ጡትም ምግብም አትከልክሉት። «ውኃ ከሰጠነው ይብስበታል» ማለት አደገኛ ስሕተት ነው፤ ልጁን የሚገድለው የውኃው ማለቅ ነውና። አንዱን ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ፣ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ስጡት። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉትና ሌላ በጥብጡ። ዚንክ የሚባለውንም ክኒን ከጤና ባለሙያ ተቀበሉ። ዐይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሁሉን ካስመለሰው ወይም ደም ከቀላቀለ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። የመጸዳጃውን ቦታ ስትመርጡ ጠይቋቸው፤ ይህ አንዱ ሥራቸው ነው።

ያች እናት ልጇን አዝላ ወደ አገሯ ስትመለስ ከእኅቷ ግቢ ይዛ የሄደችው አንድ ባዶ ጀሪካንና አንድ ሳሙና ነበር። ለመጀመር ያ ይበቃል። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ነውና፣ ሁለቱን ቀን ዛሬውኑ ቁረጡ።