ቁስሉ ከሻረ በኋላ የሚያድግ ጠባሳ

የአክስቴ ልጅ ጆሮዋን የተበሳችው በ14 ዓመቷ፣ በመርፌና በክር ነው። ቁስሉ ሳይቆይ ሻረ። ወራት አልፈው ግን ከቀዳዳው ጀርባ አንዲት ጠጣር ነገር ብቅ አለች፤ መጀመሪያ ምስር፣ በዓመቱ ባቄላ አከለች። ታብለጨልጫለች፣ ማታ ማታ ታሳክካለች። አንድ ክሊኒክ ሄዳ እብጠቱን አስቆረጠች። በስድስት ወር ውስጥ ከበፊቱ ገዝፎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ጆሮዋን በሻሽ ሳትሸፍን ከቤት አትወጣም ነበር።

ይህ ነገር ኬሎይድ ይባላል። ስሙን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያወጣለት ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ዣን ሉዊ አሊቤር ሲሆን፣ የወሰደውም ሸርጣን የሚቆነጥጥበትን ጥፍር ከሚጠራው የግሪክ ቃል ነው። ሌላው ያበጠ ጠባሳ ከቁስሉ ድንበር አይወጣም፣ እያደርም ይሟሽሻል። ኬሎይድ ግን ፈጽሞ ያልተጎዳውን ቆዳ ይሻማል። ካንሰር አይደለም፤ ይህን ደግሜ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎች በዚህ ፍርሃት እንቅልፍ ያጣሉ።

ቁስል የሚድነው በደቦ ነው። ቆዳ ሲቀደድ ቀድመው የሚደርሱት ፕላትሌቶች ደሙን ሲያረጉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። ከእነዚህ ዋናው ቲጂኤፍ ቤታ ነው። መልእክቱን የሚቀበሉት ፋይብሮብላስት የተባሉት የቆዳ ሕዋሳት ናቸው። ፕሮቲኑ በሕዋሱ ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ፣ በውስጥ በኩል ስማድ 2 እና ስማድ 3 የተባሉ ፕሮቲኖች ይነቃሉ፤ ከስማድ 4 ጋር ተጣምረው ወደ ኒውክለስ ይገቡና የኮላጅንን ዘረ መል ያስነሳሉ። ኮላጅን ማለት የጠባሳ ጭድና ጭቃ ነው። ተመራማሪዎቹ አኒታ ሮበርትስ፣ ማይክል ስፖርንና ባልደረቦቻቸው በ1986 እ.ኤ.አ. ቲጂኤፍ ቤታን አዲስ በተወለዱ አይጦች ቆዳ ሥር ሲወጉ፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በኮላጅን የተሞላ እብጠት ወጣ። ቁስል ሳይኖር መልእክቱ ብቻውን ሥራውን አስጀመረ።

ከፋይብሮብላስቶቹ አንዳንዶቹ እንደ ጡንቻ የሚኮማተር ክር ያበቅሉና የቁስሉን ከንፈሮች ይስባሉ። ሥራው ሲያልቅ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ስማድ 7 የተባለ ፍሬንም መልእክቱን ያበርዳል። በኬሎይድ ውስጥ ግን ፍሬኑ ደክሞ ተገኝቷል፤ ደቦው አይበተንም።

እኔን በጣም ያስገረመኝ የመወጠር ነገር ነው። ቲጂኤፍ ቤታ በሕዋሳት መካከል እንደታሸገ ተከማችቶ ይቀመጣል። ሕዋሳቱ የተጣበቁበትን ድር ሲጎትቱ እሽጉ ይፈታል፣ መልእክቱ ይለቀቃል፣ ኮላጅን ይጨመራል፤ ኮላጅኑ አካባቢውን ያጠነክረዋል፣ ጥንካሬው ደግሞ ሌላ እሽግ ለመፍታት ያመቻል። ትንፋሽ በወሰድን ቁጥር የሚወጠረው የደረት ቆዳና ሁልጊዜ የሚንቀሳቀሰው ትከሻ ኬሎይድ የሚበዛባቸው፣ ልል የሆነው የዐይን ቆብ ግን እምብዛም የማይነካው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የጆሮ ጫፍ ግን ሳይወጠርም ይነካል፤ መወጠር ብቻውን ሁሉን አይፈታም።

ታዲያ መልእክቱን ለምን ጨርሶ አይዘጉትም? ቲጂኤፍ ቤታ የሰውነትን መከላከያ የሚያረጋጋም ስለሆነ፣ በመላ አካል ላይ መዝጋቱ ሌላ ጉዳት ያመጣል። በማንቸስተር የነበረው ሬኖቮ ኩባንያ ከመዝጋት ይልቅ የፕሮቲኑን ሦስተኛ ዓይነት በመስጠት ጠባሳን ለመቀነስ ሞክሮ ነበር፤ ብዙ ተስፋ የተጣለበት መድኃኒት በ2011 እ.ኤ.አ. በመጨረሻው ምዕራፍ ሙከራ ወደቀ።

አሁን በእጅ ያለው የስቴሮይድ መርፌ ነው፤ ጠባሳው ውስጥ በየወሩ ገደማ ይወጋል። የሲሊኮን ልጣፍና ግፊትም ያግዛሉ። መቁረጥ ብቻውን ግን ደቦውን እንደ አዲስ መጥራት ነው፤ ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በኋላ መርፌ ወይም ጨረር ይከተላል። ኬሎይድ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይበዛል፣ በቤተሰብም ይወርዳል። ከጆሮ መበሳት፣ ከንቅሳት ወይም ከቀዶ ጥገና በፊት «በዘራችን ጠባሳው የሚያብጥ አለ» ብሎ ለሐኪም መንገር ይገባል።

የአክስቴ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ያስቆረጠችው፣ መርፌ እየወጋ በሚከታተላት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ነው። ሻሹን ጥላለች። ሴት ልጇ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው፤ የምታደርገው ጉትቻ በቅንጥብ የሚያዝ ነው።