የመኪና ባትሪ «ሞቷል» ከመባሉ በፊት ስለሚደረግለት ምርመራ

ጭነቱን አጠናቆ በማለዳ ለመንገድ የተሰናዳ ካሚዮን ሞተሩ አልነሣ ባለ ጊዜ፣ ባለንብረቱ በመጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ባትሪው ሞቷል» የሚል ነው። ወዲያውም ገንዘብ ወጥቶ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ አሮጌው በርካሽ ይሸጣል። ጥቂት ቀን ቆይቶ አዲሱ ደግሞ እንደ አሮጌው ሲደክም፣ ጥፋቱ ቀድሞውንም የባትሪው እንዳልነበረ ይታወቃል። የደከመ ባትሪና የሞተ ባትሪ አንድ አይደሉም። ሁለቱን ለመለየት ቴስተር የተባለው የቮልት መለኪያና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል።

ከምርመራው አስቀድሞ ግን ጥንቃቄው ሊታወቅ ይገባል። ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጅን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በአየር ውስጥ መጠኑ ከመቶ 4 እጅ ያህል ከደረሰ ግን ጥቂት የእሳት ብልጭታ ታፈነዳዋለች፤ ያን ጊዜ አሲዱ በአጠገቡ ባለው ሰው ፊት ላይ ይረጫል። ስለዚህ በባትሪ አጠገብ ሲጋራ ማጨስ፣ ክብሪት ጭሮም ውሃውን መመልከት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሁለቱን ጫፎች በካቻቢቴ አገናኝቶ ብልጭታውን በማየት «ጉልበት አለው» የማለት ልማድም አለ። ይህ ከአደጋ በቀር የሚያስገኘው እውቀት የለም፤ ጉልበቱ የተጋመሰ ባትሪም ያው ብልጭ ይላልና።

መርማሪው የዐይን መከላከያ መነጽር ያድርግ፤ ቀለበቱንና የእጅ ሰዓቱን ያውልቅ። ሽቦ መፍታት ሲያስፈልግ በቅድሚያ የሚፈታው የመቀነስ ምልክት ያለበት ነው፤ በመጨረሻ የሚታሰረውም እርሱ ነው። አሲድ ዐይን ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ቢያንስ 15 ደቂቃ ያህል በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቦ ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ወጣቱ ረዳት ስለ ሆነ፣ መነጽሩን ገዝቶ መስጠት የባለንብረቱ ፋንታ ነው።

ምርመራው በዐይን ይጀመራል። ሣጥኑ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪ አይሞላም፤ ይለወጣል። በጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከታየ፣ ማሰሪያውም ከላላ፣ የኤሌክትሪኩ ኃይል በዚያ ታግዶ ይቀራልና ጠርጎ ማጥበቅ ብቻውን መኪናውን ሊያስነሣው ይችላል።

ቀጥሎ ቮልቱ ይለካል፤ ይኸውም ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን ካደረ በኋላ ነው። በደንብ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ያህል ያሳያል። 12.2 ሲሆን ግማሽ ያህል፣ 12 ሲሆን ከሩብ የማይበልጥ ቀርቶታል። ይህ ድካም እንጂ ሞት አይደለም፤ ሞልቶ፣ አሳርፎ እንደገና መለካት ይገባል። ከተሞላ በኋላም 10.5 አካባቢ የሚቀር ከሆነ፣ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት ያህል ከሚሰጡት 6 ክፍሎች አንዱ ሳይበላሽ አልቀረም። ሁለት ባትሪ በተከታታይ የታሰረበት ባለ 24 ቮልት ካሚዮን ሲሆን እያንዳንዱ ለብቻው ይለካ፤ ድምሩ የአንዱን ጉድለት ይሸፍናል።

የተሞላው ባትሪ እውነተኛ ፈተናው ሞተር በማስነሣት ነው። ነጂው ቁልፉን ሲያዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አቅም አንሶታል። ቮልቱ ሳይወርድ ሞተሩ ካልዞረ ግን ጥፋቱ በሞተሪኖው ወይም በሽቦው ይፈለግ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.5 ያህል ከተነበበ ዲናሞው እየሞላ ነው። ከ13 በታች ከቀረ ግን ቺንጋውና ዲናሞው ይታዩ፤ አዲስ ባትሪ የሚገደለው በዚህ ነው። ከ15 ካለፈም ውሃውን አፍልቶ ያደርቀዋል።

ወደ ጅቡቲ ለሚመላለሱ መኪናዎች አንድ ነገር መጨመር ያሻል። ባትሪውን የሚጎዳው የአፋር ቆላ ሙቀት ሲሆን፣ ጉዳቱ የሚገለጠው ግን በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ብርድ ማለዳ ነው፤ ነጂውም በብርዱ ያመካኛል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከቆላ እንደ ተመለሰ ውሃው ይታይ፤ ከጎደለም የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውሃም አሲድም አይደለም።

በኤሌክትሪክ የሚሄዱት አዳዲስ አውቶሞቢሎችም አብዛኞቹ አነስተኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸውና ሲደክም መኪናው አልነሣ ይላል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ሽቦዎች ግን ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም ሊነካ አይገባም።

ባትሪው የተገዛበት ቀንና በየጊዜው የተነበበው ቮልት በመኪናው መዝገብ ይጻፍ። በዋስትናው ዘመን ውስጥ ጉድለት ቢገኝ፣ ለሻጩ ከደረሰኙ ጋር የሚቀርበው ይኸው ጽሑፍ ነው።